«አጥፏት» ብዬ አስተማርኩ፤ «አብሯት» ማለቱን ግን ረሳሁ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ያዝ አድርጋችሁ አንብቡልኝ። ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ሃይሉክስና መሰል ፎር ባይ ፎር የምትነዱ በተለይ እናንተን ይመለከታል። የማትነዱም ብትሆኑ ከኋላ ወንበር ላይ መቀመጣችሁ አይቀርምና አትለፉት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አሁን ፊልድ የሚወጣ ሹፌር ሆኗል። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ያቺን የተንሸራተተች መኪና ሥዕል ያለባትን በተን ክረምት ከገባ ጀምሮ አስፋልቱ ሲያልቅ ተጭኜ አጠፋታለሁ። ማታ ሆቴል እስክገባ እንደጠፋች ነው የምትውለው። አዲሱ የትራንስፖርት ኃላፊያችን ደግሞ በጭራሽ እንዳትነኳት ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ማናችን ነን ትክክል?» ይላል።

ወዲያው አልመለስኩለትም። ሁለት ቀን አሰብኩበት። መልሱ ጠፍቶኝ ሳይሆን ጥያቄው አንድ የቆየ ነገር ስላስታወሰኝ ነው። ከዚያ ለእሱ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

በአጭሩ፣ ልጄ፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ኃላፊህ ጭቃ ውስጥ ተሳስቷል፤ አንተ ደግሞ ከጭቃው ውጪ። የኃላፊህ ስህተት መኪና ያስቆማል፤ ያንተ ስህተት ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ እኩል አይደላችሁም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ።

መጀመሪያ ስለየትኛዋ በተን እንደምናወራ እንስማማ። ከኋላዋ ሁለት የተጠማዘዘ መስመር ያላት ትንሽ መኪና የተሣለባት ናት። ቶዮታ ሥርዓቱን ቪኤስሲ ይለዋል፤ ሌሎቹ ኢኤስፒ ወይም ኢኤስሲ ይሉታል። ስሙ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው፦ መኪናዋ ከሹፌሩ ሐሳብ ውጪ ልትዞር ስትል መያዝ።

እንዴት ነው የሚይዛት? መሪው ላይ አንድ ሴንሰር አለ፤ ሹፌሩ ወዴት መሄድ እንደፈለገ ያነባል። መሀል አካባቢ ሌላ ሴንሰር አለ፤ መኪናዋ በእርግጥ ወዴትና በምን ያህል ፍጥነት እየዞረች እንደሆነ ይለካል። አራቱም ጎማዎች ላይ ደግሞ የየራሳቸውን ፍጥነት የሚቆጥሩ አሉ። ኮምፒውተሩ የሹፌሩን ሐሳብና የመኪናዋን ተግባር በሴኮንድ 25 ጊዜ ያህል ያስተያያል። ኩርባ ላይ የኋላዋ ሊከዳት ካለ የውጪውን የፊት ጎማ ለብቻው ያዝ ያደርገዋል። መሪ እያዞራችሁ እምቢ ብላ ቀጥ ብላ ልትወጣ ካለች ደግሞ የውስጡን የኋላ ጎማ ይይዛል። በዚያ ላይ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል።

ልብ በሉ። እኔና እናንተ ያለን አንድ የፍሬን ፔዳል ነው፤ ስንረግጠው አራቱንም ይይዛል። አንዱን ጎማ ለይቶ የሚይዝ እግር ያለው ሹፌር ገና አልተወለደም። «እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ አያስፈልገኝም» የምትሉኝ ካላችሁ ለዚህ ነው የማልቀበላችሁ።

ታዲያ ይሄን የመሰለ ነገር ለምን ይጠፋል?

ምክንያቱም ጭቃና አሸዋ ሌላ ዓለም ናቸው። ኮምፒውተሩ የተማረው አንድ ነገር ነው፦ ጎማ በባዶ ከተሽከረከረ አደጋ ነው፣ ጉልበት ቀንስ። አስፋልት ላይ ትክክል ነው። ክረምት ላይ ጥቁር አፈር ውስጥ ስትገቡ ግን ጎማው መሽከርከር አለበት። የተለጠፈበትን ጭቃ አራግፎ ጥርሱን የሚያወጣው ሲሽከረከር ነው። አሸዋም እንደዚያው ነው። አፋር ውስጥ ወደ ኤርታሌ ስትሄዱ አሸዋው ላይ የሚያሻግራችሁ የያዛችሁት ሩጫ ነው። መሀል ላይ ኮምፒውተሩ «ኧረ ተንሸራተትን!» ብሎ ጉልበቱን ሲቀንስባችሁ፣ ነዳጅ እየረገጣችሁ ሞተሩ እንደታነቀ ሰው ይሆናል። ሩጫው ይሞታል፣ ጎማው ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ አካፋ ነው።

ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ በተኗን የሠራው እንድትጠፋ ነው። ማጥፋት ወንጀል አይደለም። «በጭራሽ እንዳትነኳት» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፍ ኃላፊ አንድ ቀን ሐምሌ ላይ ከሹፌሩ ጋር ወጥቶ ጫማውን አውልቆ ቢገፋ ሐሳቡን ይቀይራል።

እኔም ለዓመታት ይህንኑ ነበር የማስተምረው። ጭቃ ፊት ስትደርሱ ቁሙ። ወርዳችሁ እዩ። ፎር ባይ ፎር አስገቡ። በተኗን ተጭናችሁ ያዙ፤ መብራቷ እስኪበራ ጠብቁ። ከዚያ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳትቆሙ ውጡ። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ድምፄ አሁንም ጆሯችሁ ላይ እንዳለ አውቃለሁ።

አሁን ወደዚያ የቆየ ነገር ልምጣ።

ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ለአንድ ድርጅት ሹፌሮች የአምስት ቀን ሥልጠና ሰጠሁ። ሁለቱን ቀን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ነው የዋልነው። ከሠልጣኞቹ መካከል አንድ ረጋ ያለ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሹፌር ነበር። አይቸኩልም፣ አይፎክርም። የመጨረሻው ቀን ፈተና ላይ ከሁሉም በላይ ያመጣው እሱ ነው። ጭቃ ውስጥ ሲነዳ ማየት ራሱ ደስ ይል ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ስልክ ተደወለልኝ። ተገልብጠዋል።

ሁለት የጤና ባለሙያዎች ይዞ ከጅሩ በኩል እየተመለሰ ነበር። የጅሩን ጥቁር አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሌሎች መኪኖች ተቀርቅረው የቆሙበትን ጭቃ እሱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ወጣው። አስፋልት ላይ ደረሰ። ሁሉም «ተመስገን» አሉ። ጎማው ከጭቃው ጠራ፣ ማርሹን ወደ ቦታው መለሰ፣ መንገዱን ቀጠለ። ካፊያ ነበር። ቁልቁለት ላይ፣ በ80 አካባቢ እየሄደ፣ ኩርባው ውስጥ ጭነት የያዘች አህያ ድንገት ገባችበት። መሪውን ወደ ግራ መታ፣ ወዲያው ወደ ቀኝ መለሰ። ያኔ የኋላዋ ከዳችው። ከመንገዱ ወጥተው አንዴ ተገለበጡ።

የሞተ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እሱ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ከኋላ የተቀመጠችው ነርስ ግን ዳሌዋ ተሰብሮ ያለ ክራንች ለመራመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ዛሬም ታነክሳለች።

ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። እንዳየኝ እንባው መጣ። «ቲቸር፣ ጭቃውን እኮ ልክ እንዳሉን ነው የወጣሁት» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። «በተኗንም አጥፍቼ ነው የገባሁት» አለኝ። «ከዚያስ? አስፋልት ላይ ስትደርስ አበራሃት?» ብዬ ጠየቅኩት።

ዝም ብሎ አየኝና «ማብራት አለ እንዴ?» አለኝ።

ማብራት አለ እንዴ። ይሄ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። አምስት ቀን ሙሉ «አጥፏት» ብዬ ነበር። «አብሯት» ያልኩበትን ሰዓት ባስብ ባስብ ላገኘው አልቻልኩም። ለእኔ ግልጽ ስለሆነ ለሁሉም ግልጽ መስሎኝ ነበር። የመምህር ትልቁ ኃጢአት ይሄ ነው፤ እሱ የሚያውቀውን ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል።

ቪኤስሲው በርቶ ቢሆን ኖሮ አይገለበጡም ነበር ብዬ አልምልም። ፊዚክስ ከኮምፒውተር ይበልጣል። ነገር ግን መሪን ወደ አንድ ወገን መትቶ ወዲያው መመለስ ማለት ይህ ሥርዓት ዋና ሥራው የሆነው ቅጽበት ነው። እና በዚያ ቅጽበት ሥራ ላይ አልነበረም። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ መብራት በርታ ነበር፤ እሱም አይቷታል። መብራቷ «ጠፍቻለሁ» የምትል ሳይሆን «ሁሉም ደህና ነው» የምትል ነበር የመሰለችው። ጭቃ ውስጥ ስትበራ ጥሩ ነገር ነዋ!

እስቲ ይሄን አስቡት። ለአሸዋ ብሎ የጎማ ነፋስ የቀነሰ ሰው መልሶ መሙላቱን አይረሳም፤ አስፋልት ላይ መኪናዋ ትከብደዋለች። ፎር ሎው ያስገባ ሰው ማውጣቱን አይረሳም፤ ሞተሩ ይጮህበታል። ይቺ በተን ግን አትጮህም፣ አትከብድም። አጥፍታችኋት ሺህ ኪሎ ሜትር ብትነዱ መኪናዋ ያው መኪና ናት። ልዩነቱ የሚታወቀው በዚያች በአንዲት ሴኮንድ ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ናት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን እንደገና የተማርኩት። ያገኘሁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልንገራችሁ፣ ሌላውን ብትረሱ ይቺን ያዙልኝ፦ በተኗ የመንገድ ጉዳይ አይደለችም፣ የፍጥነት ጉዳይ ናት።

አብዛኞቻችን ያለን ሕግ «አስፋልት ሲያልቅ አጥፋ» የሚል ነው። ተማሪዬም የጻፈልኝ ይህንኑ ነው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። አስፋልት ካለቀ በኋላ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጭቃ አይደለም፤ ፒስታ ነው። ፒስታ ላይ ደግሞ 60 እና 70 ነው የምንነዳው፤ የሚጣደፈውማ 90 ይነዳል። ጠጠር ላይ በ70 የሚሄድ፣ ከፍ ያለ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ የተጫነበት መኪና ማለት ከሁሉም በላይ ይህ ጥበቃ የሚያስፈልገው መኪና ነው። እኛ ግን ልክ እዚያ ቦታ ላይ አጥፍተን እንነዳለን። ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላ እንደማጠፍ ማለት ነው።

መኪናውን የሠሩት መሐንዲሶችም የሚያስቡት በፍጥነት መሆኑን በሁለት ነገር ታውቃላችሁ። አንደኛ፣ ብዙ መኪኖች ፎር ሎው ስታስገቡ ቪኤስሲውን ራሳቸው ያጠፉታል። ለምን? ፎር ሎው ላይ ማንም አይሮጥም። ሁለተኛው ነገር ብዙ ሹፌር የማያውቀው ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ በተኗን አንዴ ነካ አድርጎ መልቀቅና ተጭኖ መያዝ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ነካ አድርጋችሁ ከለቀቃችሁ የሚጠፋው ጎማ በባዶ ሲሽከረከር ጉልበት የሚቀንሰው፣ ቲአርሲ የሚባለው ብቻ ነው፤ እሱም ፍጥነት ስትጨምሩ ራሱ ይመለሳል። ቆማችሁ ከሦስት ሴኮንድ በላይ ከያዛችኋት ግን ቪኤስሲውም አብሮ ይጠፋል። ይህኛው ፍጥነት ስለጨመራችሁ አይመለስም። የሚመለሰው በተኗን ደግማችሁ ስትጫኑ ወይም ሞተር አጥፍታችሁ ስታስነሱ ነው።

ያ ልጅ ተጭኖ ነበር የያዛት። እኔ ነኝ ያዙ ያልኩት። ከጭቃው ከወጣ በኋላ ደግሞ አልቆመም፤ ሞተር አላጠፋም። የቆመው ከተገለበጠ በኋላ ነው።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ ታሪኩን እንይ። ሥርዓቱን ቦሽ ከመርሴዲስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1995 ለገበያ ሲያቀርበው በእርግጥም የሀብታም መኪና ላይ ብቻ ነበር። በ1997 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት አዲሷን ትንሿን መርሴዲስ፣ ኤ ክላስን፣ ፈተናት። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሙስ የሚባለው ትልቅ አጋዘን ድንገት መንገድ ላይ ቢገባ መሪ መትቶ መመለስ። መኪናዋ ተገለበጠች። ለኩባንያው ትልቅ ውርደት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው መርሴዲስ ሥርዓቱን ትንሿ መኪና ላይ ሳይቀር ለሁሉም ደንበኛ የገጠመው። እናንተዬ፣ የእኛ አገር ሙስ አህያ ናት። ፍየል ናት፣ ግመል ናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ነው። ስዊድናዊው በዓመት አንዴ የሚፈራውን እኛ በቀን ሃያ ጊዜ እናገኘዋለን። ቅንጦቱ የማን እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ማንኛውም ቀላል መኪና ያለ እሱ እንዳይሸጥ ሕግ ወጣ። በአውሮፓ ኅብረትም ከኅዳር 2014 ጀምሮ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆነ። ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ የኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚያቋቁሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋም በ2010 ባወጣው ጥናት ሥርዓቱ ሰው የሚሞትበትን የአንድ መኪና አደጋ ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሰው የሚሞትበትን የመገልበጥ አደጋ ደግሞ፣ እንደ ፕራዶ ባሉ ከፍ ያሉ መኪኖች ላይ፣ በ75 በመቶ ይቀንሰዋል። ከአራት ሦስቱን ማለት ነው። የሚያድነን ከሁሉም በላይ ይሄ እኛ የምንነዳው ዓይነት መኪና ላይ ነው።

አንድ ልጨምር። በ2010 ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሌክሰስ ጂኤክስ 460ን ሲፈትን፣ ኩርባ ውስጥ ነዳጅ ለቀቅ ሲያደርጉ የኋላዋ ከመጠን በላይ ወጣች፤ ቪኤስሲው የያዛት ዘግይቶ ነበር። መጽሔቱ «አትግዙ» ብሎ አስጠነቀቀ። ቶዮታ ሽያጭ አቁሞ የተሸጡትንም ጠርቶ አስተካከለ። ጂኤክስ 460 ማለት የእኛው ፕራዶ ወንድም ናት። ምኑን ነበር ያስተካከለው? ብረቱን አልነካም፣ ጎማውን አልቀየረም። የቪኤስሲውን ሶፍትዌር ብቻ ነው የቀየረው። ከዚያ መጽሔቱ ማስጠንቀቂያውን አነሳ። እንግዲህ አስቡት፤ ሶፍትዌሩ ትንሽ ስለዘገየ ብቻ «አትግዙ» የተባለላትን መኪና ነው እኛ ሶፍትዌሩን ጭራሽ አጥፍተን ቁልቁለት የምንወርድባት።

አሁን በኮሜንት እንደምትመጡብኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ።

«ድሮ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ስንነዳ ይሄ ሁሉ ነበረ እንዴ?» አልነበረም። እኔም ነድቻለሁ። ነገር ግን ያኔ መንገዱ ራሱ ከ50 በላይ አያስነዳም ነበር። ዛሬ አስፋልቱም ሞተሩም 120 ይጋብዛችኋል። ደግሞ «ድሮ ምንም አልሆንንም» የምንለው የተረፍነው ነን። ያልተረፉት ኮሜንት አይጽፉም።

«ፒስታ ላይ ያለ ቦታው ጣልቃ እየገባ ያስቸግረናል።» አንዳንዴ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ ፍጥነታችሁን ቀንሱና እዩት። ቪኤስሲ ጠጠር ላይ ደጋግሞ ከገባ ብዙውን ጊዜ የሚላችሁ «አበዛኸው» ነው። ቀንሳችሁም ካልተወ ጎማችሁን እዩ፤ ሁለቱ አዲስ ሁለቱ ያለቀ፣ ወይም ቁጥሩ የተለያየ ጎማ ከተገጠመ ኮምፒውተሩ አንዱ እየተንሸራተተ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

«ጠጠር ላይ ፍሬን አልይዝ ስለሚለኝ ነው የማጠፋው።» ይሄ ኤቢኤስ ነው፣ ቪኤስሲ አይደለም። ኤቢኤስ ልቅ ጠጠር ላይ መቆሚያውን ሊያረዝመው እንደሚችል እውነት ነው። ግን በአብዛኛው መኪና በተኗን ብትጫኗት ኤቢኤስ አይጠፋም። ስለዚህ ያላገኛችሁትን ለማግኘት ያላችሁን ነው የጣላችሁት።

«ቦይ ላይ አንድ ጎማዬ ተንጠልጥሎ በባዶ ሲሽከረከር ላጥፋው?» አይ! እዚህ ጋ ተቃራኒው ነው። ቲአርሲው የተንጠለጠለውን ጎማ በፍሬን ያዝ አድርጎ ጉልበቱን መሬት ለነካው ይሰጣል። ድንጋይና ቦይ ላይ ተዉት ይሥራላችሁ፤ እናንተ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ብቻ ስጡት። የሚጠፋው ሩጫ ለሚያስፈልገው ነው፦ ለጥልቅ ጭቃና ለአሸዋ።

ሌላ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በዚህ አገር በተኗን ማንም ሳይጫናት ሥርዓቱ የሞተባቸው ብዙ መኪኖች አሉ። የጎማ ሴንሰር ሽቦ ይበጠሳል ወይም ጭቃ ይበላዋል። የኤቢኤስና የቪኤስሲ መብራቶች አብረው ይበራሉ። ባለቤቱ ጋራዥ ይወስዳል። መካኒኩ «ይሄ ምንም አይደለም፣ ትሄዳለች» ይላል። ስትሸጥ ደግሞ መብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር ትለጠፋለች፣ ወይም አምፖሏ ትነቀላለች። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።

መኪና ስትገዙ ይቺን አድርጉ። ቁልፉን አዙራችሁ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ዳሽቦርዱን እዩ። የኤቢኤሷና የተንሸራተተችው መኪና መብራት በርተው፣ ጥቂት ቆይተው መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ ካልበሩ አንድ ሰው ደብቋችኋል። በርተው ካልጠፉ ብልሽት አለ። ጋራዥ ያላችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ሴንሰር ስትቀይሩ ወይም የመሪውን ነገር ስትነካኩ የሴንሰሩን ዜሮ ነጥብ ማስተካከል አትርሱ። መሪው ቀጥ ብሎ ኮምፒውተሩ «ዞሯል» ብሎ ካሰበ ያለ ቦታው ፍሬን ይይዛል፤ ከዚያ ሹፌሩ ተማሮ ያጠፋታል። ጥፋቱ የማን ሆነ?

እሺ፣ አሁን ለልጄ የሚገባውን መልስ ልስጥ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማስተምረው እንዲህ ነው።

ስትጀምር በርታ ትሁን። አስፋልት ላይ፣ ፒስታ ላይ፣ ኮረኮንች ላይ፣ ዝናብ ላይ በርታ ትሁን።

ጥልቅ ጭቃ ወይም አሸዋ ፊት ስትደርስ ቁም። ወርደህ እይ። መጀመሪያ ነካ አድርገህ ቲአርሲውን ብቻ አጥፋና ሞክር። አልበቃ ካለ ተጭነህ ያዛት።

ስታጠፋት አብሮህ ላለው ሰው ጮክ ብለህ ንገረው፦ «አጥፍቻታለሁ፣ ስንወጣ አስታውሰኝ» በለው። ጌታም ቢሆን፣ ዳይሬክተርም ቢሆን ንገረው። አያፍርህም። ሕይወቱ ናት።

እንደጠፋች ከ30 በላይ አትንዳ። 30 ስትደርስ እጅህ ወደ በተኗ ይሂድ። ይቺን ቁጥር የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘኋትም፤ እኔ ነኝ ለተማሪዎቼ ያወጣኋት። የየመኪናው ዝርዝር ይለያያልና የመኪናህን መጽሐፍ ፈልገህ አንብብ። ከዱባይ የመጣ ሆኖ በዐረብኛ ቢሆን እንኳ የሚያነብልህ አታጣም።

ስትወጣ ቁም። ለአንድ ደቂቃ። ጎማህን እይ፣ ጭቃውን አራግፍ፣ ሞተሩን አጥፍተህ አስነሳ። ሞተር ማጥፋቱን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። በተኗን ተጫን አልተጫንኩም፣ በራች አልበራችም ከማለት ይገላግልሃል። መብራቷ መጥፋቷን አይተህ ሂድ።

ኃላፊህን ደግሞ ይሄን ጽሑፍ አሳየው። ማስታወቂያውን ይቅደደው አልልም፤ ያስተካክለው። ሹፌርን «በጭራሽ» ካልከው ተደብቆ ያደርገዋል፤ ተደብቆ ያጠፋትን ደግሞ ተደብቆም ቢሆን አያበራትም። «መቼ እንደምታጠፋና መቼ እንደምታበራ እወቅ» ካልከው ግን ሙያ ሰጠኸው።

ያቺን ነርስ ባለፈው ዓመት አገኘኋት። አሁን ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ፊልድ አትወጣም። ስለ አደጋው አላወራንም። ልትሄድ ስትል ግን «አሁንም ሹፌሮች ያስተምራሉ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «አብሩ ይሏቸዋል አይደል?» አለችኝ። ያ ልጅ ነግሯት ኖሯል።

እላቸዋለሁ፣ እህቴ። ይኸው ዛሬም እያልኩ ነው።

የተማራችሁብኝ ሁሉ፣ በእነዚያ ዓመታት ግማሹን ትምህርት ብቻ ነው የሰጠኋችሁ። ቀሪው ግማሽ ይሄ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ተቀበሉኝ። የምታውቁት የፊልድ ሹፌር ካለ ላኩለት። የሚነዳ አባት፣ ወንድም፣ ባል ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፦ «ያቺ ቢጫ መብራት በርታለች?»

መልካም መንገድ።